«ቀረ» ወይስ «ቆየ»? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት ጉዳይ አንድ ነው፦ ውጭ የተማረ ልጅ ሲመረቅ ለምን ይቀራል፣ ለምንስ ይመለሳል? ስድስቱን መርጠን መልሰናል፤ የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም። የቪዛ ደንብና ቁጥር በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ከማመልከታችሁ በፊት የየአገሩን የመንግሥት መረጃ መመልከት አይቅር።

ጥያቄ፦ ልጄ ጀርመን አገር ማስተርሱን ጨረሰ። የሄደው ለሁለት ዓመት ብሎ ነበር። አሁን «እማ፣ ሥራ እንድፈልግ አንድ ዓመት ተኩል ተፈቅዶልኛል» ይለኛል። ሰፈሩ «በቃ ቀረ» ብሎ ጨርሷል፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው እሱ ነው። ይህ አንድ ዓመት ተኩል የሚለው እውነት ነው ወይስ እኔን ለማጽናናት ነው? እህቱ በጥር ታገባለች፤ ደርሶ መመለስ ይችላልስ?
— ከጀጎል፣ ሐረር

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ የነገረዎት እውነቱን ነው። የጀርመን ሕግ እዚያው ተምሮ ለተመረቀ የውጭ አገር ሰው ሥራ የሚፈልግበት 18 ወር ይሰጠዋል። በነዚህ ወራት ካፌም ይሁን መጋዘን ያገኘውን እየሠራ ራሱን ማስተዳደር ይችላል። ወራቱ ከማለቃቸው በፊት ግን ለዲግሪው የሚመጥን ሥራ አግኝቶ ፈቃዱን ወደ ሥራ ፈቃድ መቀየር አለበት፤ 18ቱ ወር አይራዘምም። ስለዚህ ሰፈሩ የጨረሰውን ነገር ልጅዎ ገና አልጀመረውም። ቆየ እንጂ አልቀረም።

ሥራ ካገኘ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «ሰማያዊ ካርድ» የሚባለው፣ ዲግሪና የተወሰነ ደመወዝ ላለው የውጭ አገር ሠራተኛ የሚሰጥ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ለዚህ የተጠየቀው ደመወዝ ከታክስ በፊት በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር፤ ከተመረቁ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ሰዎችና የሰው ኃይል እጥረት ላለባቸው ሙያዎች ወደ 43,760 ዩሮ ዝቅ ይል ነበር። ደመወዙ እዚያ ካልደረሰ በተራው የባለሙያ ፈቃድ ይሠራል። በዚያው አገር የተመረቀ ሰው ሁለት ዓመት በሙያው ከሠራ፣ 24 ወር የጡረታ መዋጮ ከከፈለና ጀርመንኛው ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ከደረሰ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይችላል። ብዙ ተመራቂዎች በልባቸው የሚቆጥሩት ይህንን ጊዜ ነው።

ለምን ይቆጥሩታል ካሉን፣ አንዱ ምክንያት ዕዳ ነው። በራሱ ወጪ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ በታገደ ሂሳብ 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ባንኩ በወር የሚለቅለት 992 ዩሮ ብቻ ነው፤ ኪራይና ምግብ ይበላዋል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሂሳቡ ባዶ ነው። ያ ገንዘብ ከአጎት፣ ከእቁብ፣ ከተሸጠ ባጃጅ የተሰበሰበ ከሆነ ልጁ ከዲግሪው ጋር የቤተሰብ ዕዳ ተሸክሞ ነው የተመረቀው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዩሮ እያገኘ የብር ዕዳ ለሚከፍል ሸክሙ ቀለለ፤ በብር ደመወዝ የዩሮ ዕዳ ለሚከፍል ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከጅዳ ወይም ከፍራንክፈርት የተላከ ብር ቤቱን በሚደጉምበት ከተማ ይህ ሂሳብ ለማንም ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ አይነገርም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አንዴ ከወጣ በኋላ ተመልሶ የመግባቱ ነገር አስተማማኝ አይደለም። መጥቶ ሞክሮ፣ ካልሆነለት እንደገና መሄድ እንደሚችል ቢያውቅ ለመምጣት የሚደፍረው ብዙ ነው። በሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ሲሆን ሰው ባለበት ይጸናል። ወረቀት ያለው ይመላለሳል፤ የሚቀረው ወረቀት የሌለው ነው።

ስለ ሠርጉ፦ የመኖሪያ ካርዱና ፓስፖርቱ የጸኑ ከሆኑ መጥቶ መመለስ ይችላል። ማመልከቻ አስገብቶ ካርዱ ገና ካልደረሰው ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጡታል፤ እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ። ወረቀቱ «አንቀጽ 81 ንዑስ አንቀጽ 4» የሚል ከሆነ ከድሮው ካርድና ከፓስፖርቱ ጋር ተመልሶ ያስገባዋል፤ «ንዑስ አንቀጽ 3» የሚል ከሆነ ግን አያስገባውም። ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ይህንን አንድ ቁጥር ያንብብ። በተለምዶ ከስድስት ወር በላይ ከጀርመን ውጭ ከቆየ ፈቃዱ ይወድቃል። ረዘም ላለ ጊዜ መምጣት ከፈለገ ከመውጣቱ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮውን ጠይቆ በጽሑፍ ማስፈቀድ ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ ከፓስፖርቱ ዕድሜ በላይ ስለማይሰጥ፣ ፓስፖርቱ አንድ ዓመት ሲቀረው ኤምባሲ ሄዶ ያሳድሰው።

እናታችን፣ በስልክ «መቼ ነው የምትመጣው?» ከማለት ይልቅ «ካርድህ እስከ መቼ ነው? ፓስፖርትህስ?» ብለው ይጠይቁት። ጎረቤትም «ባዶ እጁን መጣ» የሚለውን ቃል ቢተው መልካም ነበር። ዕዳውን ከፍሎ፣ መንገዱ ሁሉ ተከፍቶለት፣ ሻንጣ ሙሉ ስጦታ አልያዝኩም ብሎ አፍሮ የሚቀር ልጅ አለ።

ጥያቄ፦ በምሥራቁ ክፍል ባለ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ፤ አውሮፓ ውስጥ ፒኤችዲዬን ልጨርስ ነው። ፕሮፌሰሬ የሁለት ዓመት የድኅረ ዶክትሬት ሥራ አቅርቦልኛል። ስወጣ ግን ውል ፈርሜያለሁ፤ ዋሴ ድሬዳዋ የሚኖረው አጎቴ ነው። «ብትቀሪ ቤቱን ይወስዱበታል» ይሉኛል። በሌላ በኩል የተማርኩት ሞለኪውላር ባዮሎጂ ነው፤ ተመልሼ በምን ልሠራ?
— ከአውሮፓ

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የውሉን ቅጂ እጅሽ አስገቢ። ሰው የሚነግርሽንና ውሉ የሚለውን ለይ። ሦስት ነገር ፈልጊበት፦ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለብሽ፤ ካላገለገልሽ የትኛው ገንዘብ እንደሚመለስ (በትምህርት ላይ ሳለሽ የተከፈለሽ ደመወዝ ብቻ ነው ወይስ ቲኬትና ሌላ ወጪም ጭምር)፤ አጎትሽ እስከ ስንት ብር እንደተዋሱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት፣ ከተዋዋሉበት ወሰን ሊያልፍ እንደማይችል፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም በውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። ስለዚህ «ቤቱን ይወስዱበታል» የሚለው ወሬ ነው፤ እውነቱ ያለው በዋስትናው ወረቀት ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። አጎትሽ ያንን ወረቀት ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።

ቀጥሎ፣ ፈቃድሽ ሳያልቅ ጻፊ። ቢያንስ ሦስት ወር ሲቀረው የማራዘሚያ ወይም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጥያቄ አስገቢ። ከሱ ጋር የፕሮፌሰርሽን ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ፣ የትምህርትሽን የሂደት ሪፖርት፣ እንዲሁም ሥራው ዲፓርትመንትሽን ምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳ አንድ ገጽ አያይዢ። ብዙዎች የሚወድቁት በኢሜይል ልከው ዝምታውን እንደ ፈቃድ ሲቆጥሩት ነው። የዲፓርትመንት ኃላፊ ይቀየራል፣ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ ከዓመት በኋላ ፋይሉ ሲከፈት «ያለ ፈቃድ የቀረች» የሚል ብቻ ይገኝበታል። ስለዚህ ታማኝ ሰው ወክዪ። ውክልናውን እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ፈርመሽ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦት፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ወኪልሽ ደብዳቤውን በእጁ ለመዝገብ ቤት ያስገባ፤ ገቢ ቁጥርና ቀን የተጻፈበትን ቅጂም ተቀብሎ ያስቀምጥልሽ።

ስለ ላቦራቶሪው ያነሳሽው እውነት ነው፤ ተመራማሪን ውጭ የሚያስቀር ደመወዝ ብቻ አይደለም። በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚቀመጥ ኢንዛይም በውጭ ምንዛሪ ታዝዞ፣ ቦሌ ደርሶ፣ ጉምሩክ ጠብቆ፣ የአዋሽን ሙቀት አቋርጦ ድሬዳዋ ሲገባ በረዶው ቀልጦ ይሆናል፤ ባይቀልጥም የአገልግሎት ጊዜው ተገባዶ ይሆናል። በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚሠራ ፍሪዘር ደግሞ መብራት ሲቆራረጥ የዓመታት ናሙና በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሊያበላሽ ይችላል። አምስት ዓመት የለፋ ሰው ይህንን ሲያስብ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ይሁንና አንቺ ዘንድ ያለው ሞያ እዚህ የሚፈለግበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ወረርሽኝ ድሬዳዋ ላይ ታየ፤ በ2019 ቺኩንጉንያ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው «አኖፌለስ ስቴፈንሲ» የተባለች የወባ ትንኝ በ2022 በድሬዳዋ በደረቅ ወራት ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። ይህች ትንኝ የምትራባው በከተማ፣ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ታንከር ውስጥ ነው። ጥናቱ ያለው እዚህ፣ በየግቢው በርሜል ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ነው እዚያ ያለው።

ስለዚህ ከፕሮፌሰርሽ ጋር ስትደራደሪ «ልቅር ወይስ ልመለስ» ብለሽ ሳይሆን ሥራውን ለሁለት ከፍለሽ ጠይቂ፦ የመስክ ሥራው ድሬዳዋ፣ ትንተናው እዚያ፤ በዓመት ይህን ያህል ወር እዚህ፣ ይህን ያህል ወር እዚያ። በበጀቱ ውስጥ ለዲፓርትመንትሽ የኃይል መቆጣጠሪያና መጠባበቂያ ባትሪ አስገቢ፤ ከትልቅ ማሽን በፊት የሚያስፈልገው እሱ ነው። በክፍል ሙቀት የሚቀመጡ፣ የደረቁ ሬጀንቶችን (የመመርመሪያ ኬሚካሎችን) ምረጪ። ናሙና ከአገር ለማውጣት የሥነ ምግባር ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ውል አስቀድሞ ማለቅ አለበት፤ ይህን ሳያልቅ መስክ የወጣ ሰው ናሙናውን ይዞ ቁጭ ይላል። በጀርመኑ ዳድ ስኮላርሺፕ ከስድስት ወር በላይ ተምረሽ ከሆነ ደግሞ፣ ድርጅቱ የቀድሞ ተማሪዎቹን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ለምርምር መልሶ የሚጋብዝበት ፕሮግራም አለው። አገር ገብተሽም ከላቦራቶሪው እንዳትቆረጪ ይረዳሻል።

ጥያቄ፦ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ከዚራ። አሜሪካ በሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ የመጨረሻ ሴሚስተሬ ነው። አባዬ ታሟል፤ ደርሼ ልመለስ እፈልጋለሁ። ሌላው፣ ከምርቃት በኋላ መሥራት የሚፈቀድልኝ አንድ ዓመት ነው ወይስ ሦስት? እዚህ ያሉ ሰዎች «አቦ፣ ኬዝ ክፈቺና ተገላገይ» ይሉኛል።
— ከአሜሪካ

መልስ፦ እህታችን፣ አባትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። መጀመሪያ ቀጠሮ የማይሰጠውን እንመልስ። ከሐምሌ 2017 (እ.ኤ.አ. ጁላይ 2025) ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ የአሜሪካ ጊዜያዊ ቪዛዎች ለአንድ መግቢያ ብቻ፣ ለሦስት ወር የሚያገለግሉ ሆነዋል። ስለዚህ ቪዛሽ ከተቃጠለ ተመልሶ ለመግባት አዲስ አበባ ኤምባሲ አዲስ ቪዛ መጠየቅ ግድ ነው። ከምርቃት በፊት፣ ገና ተመዝጋቢ ተማሪ ሳለሽ ብትመጪ የመመለሻ ምክንያትሽ ግልጽ ነው፦ ያልጨረስሽው ትምህርት አለ። ከተመረቅሽ በኋላ፣ የሥራ ፈቃድሽ ሳይጸድቅ ወይም ሥራ ሳትይዢ ብትመጪ ግን የመከልከል ዕድሉ ይሰፋል። የግድ ከሆነ አሁን ነይ። አይ-20 የተባለው፣ ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚሰጥሽ ወረቀት ላይ አማካሪሽ ለጉዞ ይፈርምበት፣ የትምህርት ቤቱን የምዝገባ ማረጋገጫና የአባትሽን የሕክምና ማስረጃ ያዢ፣ ከመነሳትሽ በፊትም የኤምባሲውን የቀጠሮ ወረፋ እዪ።

ስለ ሥራ ፈቃዱ መልሱ አይ-20ሽ ላይ በተጻፈ አንድ ኮድ ይወሰናል። ኮዱ 51.2201 (ጠቅላላ የሕብረተሰብ ጤና) ከሆነ ኦፒቲ የሚባለው ፈቃድ 12 ወር ብቻ ነው። 26.1309 (ኤፒዲሚዮሎጂ) ከሆነ በስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ሙያዎች) ዝርዝር ውስጥ ስላለ 24 ወር ይጨመርለታል፤ ድምሩ 36 ወር። በአንድ ሕንጻ የሚማሩ ሁለት ልጆች፣ ተመሳሳይ ኮርስ ወስደው፣ በዚህ ቁጥር ብቻ የሁለት ዓመት ልዩነት ይኖራቸዋል። ትኩረትሽን መቀየር የምትችይው ሳትመረቂ ነው፤ ዛሬውኑ ጠይቂ።

ማመልከቻው ከትምህርቱ ማብቂያ 90 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 60 ቀን በኋላ ይገባል፤ አማካሪሽ በሲስተሙ ካጸደቀልሽ በኋላ ግን 30 ቀን ብቻ ነው ያለሽ። ይህንን 30 ቀን ያሳለፈ ማመልከቻ ውድቅ ይሆናል፤ ብዙ ልጆችም የሚጎዱት በሱ ነው። ፈቃዱ ከጀመረ በኋላ ያለ ሥራ የምትቆይው በድምሩ ከ90 ቀን አይበልጥም። ከኦፒቲ ቀጥሎ ያለው ኤች-1ቢ የተባለው የሥራ ቪዛ በዓመት 65,000፣ በአሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ደግሞ ተጨማሪ 20,000 ብቻ ስለሆነ ዕጣ አለው። ዩኒቨርሲቲዎችና ከነሱ ጋር የተቆራኙ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ግን ከዕጣው ውጭ ናቸው፤ ለአንቺ ሙያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 21 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው በሚቀርብ አዲስ የኤች-1ቢ ማመልከቻ ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ ተጥሏል። «አገሬ ልግባና ቀጣሪ ሲገኝ ይጥሩኛል» የሚለው ሐሳብ በዚህ ምክንያት ለብዙዎች ተዘግቷል። እንዲህ ያሉት ደንቦች ሰውን ወደ አገሩ ለመመለስ የወጡ ይምሰሉ እንጂ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ የወጣ እንደማይገባ ያወቀ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ቤተሰብም ይህንን ይወቅ፤ ለለቅሶ ያልደረሰች ልጅ ረስታ ላይሆን ይችላል።

የመጣሽው ጄ-1 በተባለው የልውውጥ ቪዛ ሆኖ ስኮላርሺፑን መንግሥት ከፍሎ ከሆነ (ፉልብራይት እንደዚህ ነው) ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት ዓመት አገርሽ ካልኖርሽ ኤች-1ቢም ሆነ ግሪን ካርድ አይሰጥሽም።

«ኬዝ ክፈቺ» ስለሚሉሽ፦ ጥገኝነት (ኬዝ የሚሉት እሱን ነው) በእርግጥ በአገሩ መሳደድ ለሚያሰጋው ሰው የተሰጠ መብት ነው፤ ማመልከቻውም በመርህ ደረጃ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ይቀርባል። የሌለ ታሪክ ፈጥሮ ያመለከተ ሰው ሐሰቱ ከተረጋገጠበት ለዘለዓለም ከማንኛውም የኢሚግሬሽን ጥቅም ሊታገድ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ የሸሸሁት አገር ነው ካልሽ በኋላ ድሬ መጥተሽ አባትሽን መጠየቅ አትችይም። አንቺ የጠየቅሽን ግን እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ቻይና በመንግሥት ስኮላርሺፕ ማስተርሴን እየጨረስኩ ነው። እዚሁ መሥራት ይቻላል?
— ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ (አሁን ቻይና)

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን በሩ ጠባብ ነው። በተለምዶ ለሥራ ፈቃድ ዲግሪና የሁለት ዓመት ልምድ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ግን ማስተርስና ከዚያ በላይ ያላቸው፣ ከተመረቁ አንድ ዓመት ያላለፋቸው ተማሪዎች ያለ ልምድ እንዲቀጠሩ ተፈቅዷል፤ አማካይ ውጤት ከ100 ቢያንስ 80 መሆን አለበት። የሚያመለክትልህ ቀጣሪው ስለሆነ የተማሪ መኖሪያህ ሳያልቅ ውል ያዝ። ካልሆነ የቻይንኛ ችሎታህን በኤችኤስኬ ፈተና አስመስክረህ ና። ከድሬ እስከ ጅቡቲ ባለው የባቡር፣ የሎጂስቲክስና የፋብሪካ መስመር ቋንቋውንም ሙያውንም የያዘ ሰው ተፈላጊ ነው።

ጥያቄ፦ ቀፊራ ነጋዴ ነኝ። ልጄ ጀርመን ዜግነት ልውሰድ ትላለች፤ «ጀርመን ሁለት ዜግነት ፈቅዷል» ብላኛለች። ከወሰደች በኋላ መጥታ እኔ ጋ መሥራት ትችላለች?
— ከድሬዳዋ

መልስ፦ አባታችን፣ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ሁለት ዜግነት ፈቅዷል፤ ኢትዮጵያ ግን አልፈቀደችም። በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ሆኖም ልጅዎ በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ ማውጣት ትችላለች። በሱ ያለ ቪዛ ትገባለች፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ትሠራለች። የማይፈቀድላት መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መቀጠር ነው። እርስዎ ጋ መሥራት ትችላለች።

ጥያቄ፦ ከቱርክ ማስተርሴን ይዤ ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው። ድሬዳዋ ያመለከትኩበት ሁሉ «የአቻ ግምት አምጣ» ይለኛል። ኦሪጅናሉ እጄ ላይ ነው፣ ምን ጎደለ? እዚያ የቀሩ ጓደኞቼ የኔን ሁኔታ እያዩ «አንተን አይተን አንመጣም» ይሉኛል።
— ከገንደቆሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጎደለው የማረጋገጫ ሰንሰለቱ ነው፤ ዲግሪህ አልጎደለም። ውጭ የተሰጠ ዲግሪ እዚህ እንዲታወቅ መጀመሪያ በተሰጠበት አገር በሚመለከተው የመንግሥት አካል ይረጋገጣል፤ ከዚያ በዚያው አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማህተም ያደርግበታል፤ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቀጥላል፤ በመጨረሻም የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምቱን ይሰጣል። አንተ የዘለልከው ሁለቱን የመጀመሪያ ደረጃዎች ነው። እዚያ ሳለህ በጥቂት ቀናት ታደርገው ነበር፤ ከዚህ ሆነህ ግን ወራት ይበላል።

አሁንም ይስተካከላል። ለባለሥልጣኑ ስታመለክት ከማስተርስህ ጋር ቀደም ያሉት ማስረጃዎችህ፣ የመጀመሪያ ዲግሪና የ12ኛ ክፍል፣ ይጠየቃሉና አዘጋጃቸው። ቱርክ ላለ ጓደኛህ ውክልና ስጥ፤ ውክልናውን ድሬዳዋ ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ጀምረው፣ ውጭ ጉዳይና የቱርክ ኤምባሲ ያረጋግጡልህ። እስከዚያው በኢ-ዴቭሌት (የቱርክ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት) መለያህ ገብተህ ባር ኮድ ያለውን የምርቃት ማረጋገጫ አውርድ፤ ማንም ቀጣሪ ቁጥሩን አስገብቶ እውነተኛነቱን ማየት ይችላል። የአቻ ግምቱን አይተካም፤ ለግል ቀጣሪ ግን ብዙ ጊዜ በቂ መተማመኛ ነው። ትራንስክሪፕትህ በቱርክኛ ብቻ ከሆነ እንግሊዝኛውን ከዩኒቨርሲቲው ራሱ ጠይቅ፤ ሌላ ቦታ ከሚተረጎም ይልቅ ጥያቄ አያስነሳም።

በኛ አካባቢ ፋይል የሚያዘገየው ትልቁ ነገር ግን ስም ነው። በ12ኛ ክፍል ማስረጃ ላይ «አብዱራህማን»፣ በፓስፖርት ላይ «አብዱልረህማን»፣ በዲፕሎማ ላይ ደግሞ የአያት ስም ጠፍቶ። አንድ ፊደል ሦስት ወር ያስጠብቃል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ አንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓ ተጽፎ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል። ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ፊደል በፊደል አስተያይ። ልዩነት ካለ ማመልከቻው ሳይገባ በፍርድ ቤት አስወስን።

የመንግሥት ቦታ ብቻ አትጠብቅ። በነሐሴ 2014 ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠናና የኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ያሉ አስመጪዎች፣ አስተላላፊዎችና አምራቾች ከቱርክ ዕቃ የሚያመጡ አሉ፤ ቱርክኛ መቻልህን በማመልከቻህ የመጀመሪያ መስመር ጻፈው። ሐረር የምታመለክት ከሆነ የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ መሆናቸውን አስታውስ። የቀበሌ መታወቂያህን አሳድስ፣ ፋይዳም ተመዝገብ፤ ባንክም ቀጣሪም ይጠይቁሃል።

ለጓደኞችህ ደግሞ ይህንን ላክላቸው። መጡም አልመጡም እንደተመረቁ፣ እዚያው ሳሉ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕታቸውን ያረጋግጡ፣ ኤምባሲ ያስመቱ፤ ሁለት የተረጋገጡ ቅጂዎችም ለየብቻ ያስቀምጡ። ያረጀ ፓስፖርት አይጣል፤ የመግቢያና የመውጫ ማህተሙ እዚያ ተምረው እንደነበር ያስረዳላቸዋል። መኪና ይዤ እገባለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎችን ማስገባት መከልከሉን ይወቅ። ጀርመን ያሉት ከመውጣታቸው በፊት የነዋሪነት ምዝገባቸውን ያሰርዙ፤ ካልተሰረዘ በወር 18.36 ዩሮ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ መቁጠሩን ይቀጥላል። እዚያ ሠርተው የጡረታ መዋጮ የከፈሉ ከሆነና መዋጮው ከ60 ወር በታች ከሆነ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጡ 24 ወር በኋላ የራሳቸውን ድርሻ ማስመለስ ይችላሉ። ለዚህ የጡረታ ቁጥራቸውና የደመወዝ ወረቀቶቻቸው ያስፈልጋሉ፤ ሻንጣ ሲከብድ መጀመሪያ የሚጣለው ወረቀት ስለሆነ በስልካቸው ፎቶ ያንሱት።